ልጆቹ ሰፈራቸውን ሊያሻሽሉ ሲነሡ ቤተ መጻሕፍት ምን ያድርግ?

ድሬዳዋ ውስጥ ልጅ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣው አንድም ፈተና ሲደርስ ነው፣ አንድም ሙቀቱ ሲብስ። ሁለቱም ደግ ምክንያት ነው። ቬንትሌተር ሥር የተቀመጠ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ካነበበ በኋላ ደብተሩን ይዘጋና ከጓደኛው ጋር ማውራት ይጀምራል። ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ሰፈሩ ነው። ስለ ቆሻሻው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ትንኙ፣ ሥራ ፈትቶ ስለተቀመጠው ወንድሙ። እኔ እዚህ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ከእንዲህ ዓይነት ወሬ ተነሥተው ሰፈር የጠቀሙ ሥራዎችን አይቻለሁ። የአንድ ሰሞን ወረት ሆነው የቀሩም አሉ።

ልጆቹ ሐሳብም ጉልበትም ሞልቷቸዋል። የሚቸግራቸው ሁነኛ መረጃ ማግኘት ነው። ከዚያ ደግሞ የሠሩት ሥራ እንዳይጠፋ ማድረግ። መረጃ ፈልጎ ማግኘትና አደራጅቶ ማስቀመጥ የእኛ ሙያ ነው። ይህን የምጽፈው በቀበሌ፣ በትምህርት ቤትና በወጣት ማዕከል መጻሕፍት ለምትጠብቁ ባልደረቦቼ ነው። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልጋችሁም። መልካ ጀብዱ ላይ አንድ ክፍልና ሁለት መደርደሪያ ያለው ሰውም ይችለዋል።

መጀመሪያ ጠረጴዛ

ማውራት የሚፈቀድበት አንድ ጠረጴዛ ለዩ። ውስጥ ቦታ ከሌለ ግቢው ዛፍ ሥር አውጡት። ለፈተና የሚያጠኑት እንዳይረበሹ ከንባብ ክፍሉ ራቅ ያለ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ደብተር፣ እስክሪብቶና የከተማው ካርታ ይኑር። ካርታ ካላገኛችሁ ልጆቹ ራሳቸው ሰፈራቸውን በእጅ ይሳሉት። እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል፤ የት ጋ ምን እንዳለ ሲከራከሩ ብዙ ነገር ይወጣል።

የድሬን ቀን ታውቁታላችሁ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይዋ ሰው አታስወጣም። ስብሰባውን ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ዓርብ የጁምዓን ሰዓት ጠብቁ። በረመዳን ልጆቹ ለማፍጠሪያ ቤታቸው እንዲደርሱ በጊዜ ልቀቋቸው። ሴት ልጆች ሲመሽ ቤተሰብ ይጨነቃል፤ ማክተሚያ ሰዓቱን ለሁሉም ቀደም አድርጉት እንጂ ሴቶቹ ብቻ ጥለው እንዲወጡ አታድርጉ። ታናናሾቿን የምትጠብቅ ልጅ ካለች ይዛቸው ትምጣ። ሥዕል ያለባቸው የሕፃናት መጻሕፍት ያሉበት ጥግ አስቀምጧቸው። ይህች ትንሽ ነገር ስንት ጎበዝ ሴት ልጅ ቡድኑ ውስጥ እንዳቆየች አይቻለሁ።

ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ይበቃል። ከዚያ ከበለጡ ሁለት ቡድን አድርጓቸው። ቡድኑ የሰፈሩን ቋንቋ ይያዝ። ድሬ አንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይሰማል፤ ሐረሪም አለ። በአማርኛ ብቻ የሄደ ቡድን በአማርኛ የሚመልሱትን ሰዎች ችግር ብቻ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ከመውጣታችሁ በፊት በየቋንቋው ይጻፉ። እንደደረስን እንተረጉመዋለን ያሉ ልጆች በር ላይ ሲደነቃቀፉ ሰው ይሰለቻል።

ችግሩን በእግር መፈለግ

ልጆች ሲጀምሩ ትልቅ ትልቁን ይጽፋሉ። "ሥራ አጥነት"፣ "ሱስ"፣ "የአየር ንብረት ለውጥ"። አትገሥጿቸው። የሚያሳስባቸው እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቋቸው፦ "ከዚህ በር ወጥተን በ10 ደቂቃ እግር መንገድ ውስጥ ይህን የት ታሳዩኛላችሁ?" ከዚያ ተነሡና አብራችሁ ውጡ።

ስትወጡ ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ያዩትና የሰሙት ብቻ ይሁን። "ሰፈሩ ቆሻሻ ነው" ሳይሆን "ከጎሚስታው ጀርባ አሮጌ ጎማ ተከምሯል፣ ውስጡ ውሃ አለ" ተብሎ ይጻፍ። የሰው ንግግር በራሱ አባባል ይስፈር። ሲመለሱ ሦስት ነገር ላይ ይነጋገሩ፦ ይህ ችግር ዕለት በዕለት የሚያስቸግረው ማንን ነው? ከእኛ በፊት ማን ሞክሮታል? በእኛ አቅም በሁለት ወር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ቅንጣት የትኛው ነው? ሦስተኛውን የማይመልስ ሐሳብ ለጊዜው ይቆይ። ወረቀቱን ግን አትጣሉት፤ ሌላ ቡድን ያነሣዋል።

የትንኙ ሥራ

አንድ ቡድን የመረጠውን በዝርዝር ላጫውታችሁ፤ የእኛ ድርሻ የት የት ጋ እንደሆነ በደንብ ያሳያል።

ልጆቹ ትንኝን መረጡ። መጀመሪያ ያሰቡት አጎበር መለመንና ማከፋፈል ነበር። "መቼ ነው የሚነክሳችሁ?" አልኳቸው። አንዷ "አቦ፣ በቀን ነው እኮ! ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን" አለች። እዚህ ላይ መደርደሪያው ሥራ ጀመረ። ቀን የምትነክስ ትንኝ ካለች አጎበር ብቻውን አይበቃም። ታዲያ የምትነክሰው የትኛዋ ናት?

አብረን ፈለግን። የድሬ ሰው የማይረሳው ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ገባ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉኒያ መጣና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ተኛ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው፣ ቀን የምትነክሰው ትንኝ ናት። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ ተነሣ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት አኖፈለስ ስቴፈንሳይ ከምትባል ትንኝ ጋር አገናኙት። ይህች ከእስያ የመጣች ናት፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ዓ.ም. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግና ኩሬ ሲወዱ እሷ ሰው ያጠራቀመው ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ ይስማማታል። ኤደስም ያው ናት፤ በርሜልና አሮጌ ጎማ ትወዳለች።

ይህን ሁሉ እኔ ብነግራቸው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን እነሱ እንዲያገኙት አደረግሁ። አንድ ወረቀት በሦስት ከፈልን፦ "የምናውቀው"፣ "ከየት አወቅነው"፣ "ገና ያልገባን"። መሃለኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር አይቆጠርም። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ያዩትም ይጻፋል፤ ግን ማን ጻፈው፣ መቼ፣ በምን ተመርኩዞ የሚለው ካልተሞላ ወደ ፖስተር አይገባም። ልጆቹ ይህን ሲለምዱ የፈተና አጠናናቸውም ይለወጣል። እኔን በጣም ደስ የሚለኝ እሱ ነው። የቀረውን ጥያቄ ይዘን የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ጠረጴዛው ድረስ ጋበዝናት። ባለሙያን ወደ ቤተ መጻሕፍት መጥራት ብዙ ጊዜ ሻይ ብቻ ነው የሚያስወጣው፤ አትፍሩ።

ከዚያ ልጆቹ ፖስተር ሠሩ። "ውሃ አታጠራቅሙ" የሚል። ያገኙት ጽሑፍ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ይዘው ሰፈር ሲገቡ አንዲት እናት በርሜላቸው አጠገብ ቁጭ ብለው በጥሞና ሰሟቸው። ሲጨርሱ "ልጆቼ፣ ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ? በርሜሌን ከደፋሁ ማን ይሞላልኛል?" አሏቸው። ልጆቹ መልስ አልነበራቸውም። አንገታቸውን ደፍተው መጡ።

የደብተሩ ጥቅም እንደዚህ ቀን ነው። የእናትየውን ቃል እንዳለ ጽፈውታል። ፖስተሩ ፊት ለፊት አስቀመጥነውና አየነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ማጠራቀሙ ግድ ነው። ስለዚህ ልጆቹ መልእክቱን ቀየሩት፦ ክደኑ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ፍተጉ። ለምን ሳምንት? በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከምትበር ትንኝ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃል። ለምን መፈተግ? የኤደስ እንቁላል በርሜሉ ግድግዳ ላይ ከውሃው ከፍ ብሎ ይጣበቃል፤ ደርቆም ወራት ይቆያል። ውሃውን ብቻ የደፋ ሰው እንቁላሉን አቆይቶ ይሞላበታል። ይህን የሰሙ እናቶች ወዲያው ገባቸው። በርሜሉ ሊያልቅ ሲል መፈተግ የሚችሉትና የሚቀላቸው እነሱ ናቸው።

ክዳኑን ልጆቹ ራሳቸው ፈጠሩት። የድሬ በርሜል ክዳኑ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ተጣሟል፤ ሰው ጣውላ ጣል ያደርግበታል፣ በጎን ግን ክፍት ነው። መጀመሪያ አሮጌ አጎበር አሰቡ። ጤና ኤክስቴንሽኗ አጎበሩ የተነከረበት ኬሚካል ስላለ ለመጠጥ ውሃ ባይሆን ይሻላል አለች። ስስ ንጹሕ ጨርቅ ሆነ። ማሰሪያው ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የባጃጅ ካላማዳሪያ ነው፤ በቁመቱ ተቆርጦ እንደ ገመድ ይታሰራል። ላስቲኩ ስለሚሳብ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል። መወጠሩ ዋና ነገር ነው። ጨርቁ ረግቦ ውሃው ላይ ከተኛ ትንኟ ከላይ ሆና እንቁላሏን ትጥላለች። ውሃ ለመቅዳት መፍታትና መልሶ ማሰር ለልጅም ቀላል መሆን አለበት፤ ካልሆነ በሦስተኛው ቀን ማንም አያስረውም።

ቆጠራውን አትዝለሉት። ብዙ የወጣቶች ሥራ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ሠርተናል ይላሉ እንጂ ምን እንደተለወጠ ማሳየት አይችሉም። ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ ይበቃል፦ የቤቱ ምልክት፣ የዕቃው ዓይነት፣ ተከድኗል ወይስ አልተከደነም፣ እጭ አለ ወይስ የለም። እጭ ለማየት በርሜሉን ሳትነካኩ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ። ባትሪ ስታበሩ ወይም ጥላችሁ ሲያርፍባቸው እየተወራጩ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ ትንሽ ታገሡ፣ ለመተንፈስ ይወጣሉ። ከ20 ቤት በ8ቱ እጭ ከተገኘ 40 በመቶ ነው። ባለሙያዎቹም በዚሁ ስሌት ይሠራሉ። ከክዳኑ በኋላ በየሳምንቱ እዚያው ቤት ተመልሳችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልወረደም ይጻፍ። ምናልባት የተከደነው በርሜል ሆኖ የተረሳው የዶሮ ውሃ መጠጫ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጎዳና ላይ ብቻ ጀምሩ። ልጆቹ "ሙሉ ቀበሌውን እናዳርስ" ይላሉ። እምቢ በሏቸው። አንድ ጎዳና በደንብ ከተሠራ ጎረቤቱ ራሱ መጥቶ ይጠይቃል።

ደብዳቤ፣ ቤተሰብ፣ ገንዘብ

ልጆች በር ሲያንኳኩ "ማን ላካችሁ?" መባላቸው አይቀርም። ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉላቸው። የቡድኑ ስም፣ ምን እንደሚጠይቁ፣ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ይኑርበት። ለቀበሌውም ግልባጭ አድርሱ። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከቻላችሁ እናንተው ቤታቸው ሂዱ። አባትየው አንዴ ፊታችሁን ካየ ልጁን አይከለክልም። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ከቤት ውስጥ አይግቡ፣ ግቢ ላይ ይነጋገሩ። ፎቶ ሳይጠየቅ አይነሣም። የሰው ጓዳና የሰው ችግር ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም። በዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። መጀመሪያ ያለውን ቁጠሩ፦ የቤተ መጻሕፍቱ ማተሚያ፣ የልብስ ሰፊው ቁራጭ ጨርቅ፣ የጎሚስታው ላስቲክ። የሚገዛ ካለ ልጆቹ ራሳቸው ገዝተው ደረሰኙን ደብተር ላይ ይለጥፉ፣ ሒሳቡም ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ቲሸርትና ባነር ይጠይቋችኋል። ሥራው ሳይጀመር አትፍቀዱ። ቲሸርቱ ቀድሞ ከመጣ ፎቶው የሥራው መጨረሻ ይሆናል።

አለቃችሁ "ይሄ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው ወይ?" ሊል ይችላል። የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ በ2022 የታደሰ። የታደሰው ሰነድ የአካባቢን ዕውቀትና የቃል ትውፊት መጠበቅን፣ ሕዝቡ ራሱ የሚቀመጠውን በመምረጥ እንዲሳተፍ ማድረግን ከቤተ መጻሕፍት ተልእኮዎች ውስጥ ያስገባል። አትማችሁ አሳዩት።

የደቻቱ ጉዳይ

ትንኝ ብቻ አይደለም። ከከዚራና ከመጋላ መሃል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ሁላችንም እናውቀዋለን። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት ጎርፉ ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ከሽማግሌዎች ጠይቆ ካርታ ላይ ማስፈር፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በክረምት የትኛውን መሻገሪያ መተው እንዳለባቸው መለየት ትልቅ ሥራ ነው።

ግን እዚህ ጋ ልጆቹን በደንብ አዘጋጇቸው። ቤተሰቡን ያጣ ሰው ቁጭ ብሏል። "ያ ሌሊት ምን ሆነ?" ተብሎ አይጀመርም። "ውሃው የት ድረስ መጣ? ቀድሞ ምን ድምፅ ተሰማ? ወዴት ሸሻችሁ?" ይበሉ። ሰውየው ሌላውን ራሱ ከፈለገ ይናገራል። ካለቀሰ እስክሪብቶው ይቀመጥ። ልጆቹም ሲመለሱ የሰሙትን የሚተነፍሱበት ጊዜ ስጧቸው፤ በዚያ ቀን ሌላ ሥራ አትጨምሩባቸው።

የባቡሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የመጣች ናት። ለገሀሬ አካባቢ የድሮ ሠራተኞች አሁንም አሉ። ልጆች የእነሱን ሙያ ጠይቀው ቢጽፉ፣ መካኒክነት እንዴት ይማሩት እንደነበር ይረዳሉ፤ ሥራ ለሚፈልገው ወንድማቸውም ይጠቅማል።

ሲያልቅ

ውጤቱ መጀመሪያ የሚነገረው መረጃውን ለሰጡት ሰዎች ነው። አዳራሽ አትከራዩ። እዚያው ጎዳና ላይ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ልጆቹ ቁጥራቸውን ይዘው ይቁሙ፤ በርሜላቸውን ያሳዩት እናት ከፊት ይቀመጡ። በየቋንቋው ይነገር። ቀበሌና ጤና ጣቢያ ከዚያ በኋላ ይጠሩ።

ከዚያ ማኅደሩን ሥሩ። አንድ ክላሰር ይበቃል። ላዩ ላይ የሥራው ስም፣ ሰፈሩና ዓ.ም. ይጻፍ። ውስጡ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የቆጠራው ደብተር፣ ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት፣ የወጪው ሒሳብ፣ ያልተሳካው ነገርና ለምን እንዳልተሳካ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይግባ። "ውሃ አታጠራቅሙ" የሚለው ፖስተርም ይግባ፤ የእናትየው መልስ አጠገቡ ይለጠፍ። የቤተሰብ ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ያለበትን ገጽ ግን ነጥላችሁ አውጡ። የልጆቹ ስም በፈቃዳቸው ብቻ ይጻፍ። የመደርደሪያ ቁጥር ስጡትና እንደማንኛውም መጽሐፍ መዝግቡት፤ "ድሬዳዋ" የሚል ክፍል ከሌላችሁ በዚህ ክላሰር ክፈቱት።

በመስከረም አዲስ ቡድን ሲመጣ ከመውጣቱ በፊት ይህን እንዲያነብ አድርጉ። የአምናዎቹ ልጆች ከተማው ውስጥ ካሉ ለአንድ ቀን ጥሯቸው፤ ጎሚስታው የት እንደሆነ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ የትኛዋ እናት ሻይ ሳያጠጡ እንደማይለቁ እነሱ ይነግሯቸዋል።